ኃይል በደጃችን ሲያልፍ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። የተረቱን ፍች በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬ ዓባይ ወንዝ ድረስ መድከም የለበትም። ከአዲስ አበባ በጂማ መንገድ ወጥቶ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወጥቶ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ቢደርስና አንገቱን ቀና አድርጎ ቢመለከት ይበቃዋል። ትላልቅ የብረት ምሰሶዎች ሽቦ ተሸክመው ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲሻገሩ ያያል። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ በዚያው ሽቦ አካባቢ መብራት ጠፍቶበት ከሰል የሚያያይዝ ቤተሰብ ማየቱ አይቀርም።

እነዚህ ሦስት ከተሞች የዋናው ከተማ የኃይል በሮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከግልገል ጊቤ ሁለተኛው ጣቢያ የሚነሣው 400 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው ሰበታ ነው። ከጣና ሐይቅ በዋሻ በተሳበው ውኃ የሚሠራው የበለስ ጣቢያ ኃይል በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ የሚደርሰው ሱሉልታ ነው። የፊንጫ ኃይል ደግሞ በጌዶ በኩል መጥቶ የሚገባው በቡራዩ አጠገብ ካለው የገፈርሳ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። በዚያው በአምቦ መንገድ ትንሽ አለፍ ቢሉ ሆለታ አለ፤ ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር የሚደርሰው እዚያ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ጣቢያዎች የሚመጣው ኃይል ወደ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት የእነዚህን ከተሞች ደጅ ይረግጣል ማለት ነው።

በአንድ የበዓል ዋዜማ ከእነዚህ ከተሞች በአንደኛው ውስጥ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ዘንድ ተገኝቼ ነበር። ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግን ቀዝቅዟል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነቱን አልችል ብሎ ከቀትር በፊት ጠፍቶ ነበርና እኒህ እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ እየሰበሩ ወደ ቀድሞው ምድጃ ይመለሱ ነበር። «እማማ፣ መብራት የለም እንዴ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መብራቱስ አለ፤ ይኸው በላያችን ያልፋል። ወደኛ የሚወርድበት መንገድ ነው የጠበበው» አሉኝ። እኒህ እናት መሐንዲስ አይደሉም፤ የተናገሩት ግን መሐንዲስ የሚናገረውን ነው። የዛሬው ጽሑፌም ይህችን የእማማን ቃል ለመተንተን ካልሆነ በቀር ሌላ ጉዳይ የለውም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከትልቁ መስመር ላይ ሽቦ ቀጥሎ ለሰፈር ማብራት አይቻልም። ኃይል ከሩቅ ሲጓዝ ቮልቴጁ ከፍ የሚደረግበት ምክንያት አለው፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ኃይል ለማጓጓዝ የሚያስፈልገው ጅረት በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽቦው ሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከጊቤ ወይም ከጉባ የሚመጣው ኃይል በ400 እና በ500 ኪሎ ቮልት ይጓዛል። በማከፋፈያ ጣቢያ ወርዶ ወርዶ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ይሆናል፤ በመጨረሻም በሰፈሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ለምጣድና ለአምፑል የሚስማማ 220 ቮልት ያደርገዋል። ከዚህ ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ከላላች የቀሩት ቀለበቶች ጥንካሬ ምንም አይጠቅምም። እናቲቱ «መንገዱ ጠበበ» ያሉት የመጨረሻዋን ቀለበት ነው።

የመጨረሻዋ ቀለበት ለምን ደከመች? መልሱን ለማግኘት ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ ከፊት ከሚጠሩት ጣቢያዎች አንዱ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ነው። ጉልበቱ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። ወደዚያ ከሚፈሱት ወንዞች አንዱ ትንሹ አቃቂ ሲሆን መነሻው ከወጨጫ ተራራና ከገፈርሳ ወገን፣ ማለትም ከቡራዩ ጓሮ ነው። ይህ ጣቢያ ለአዲስ አበባ ብዙ ካገለገለ በኋላ ደለልና እርጅና ተጫጭኖት ሥራውን አቆመ፤ ከ40 ዓመት በላይም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ታድሶ እንደገና የተነሣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ቀላል ነው፤ የሠሩትን መጠበቅ አዲስ ከመሥራት እኩል ዕቅድ ይፈልጋል። አፈር ከተራራ ታጥቦ ግድብ ሲሞላ ድምፅ አያሰማም። የሚያየው በየዓመቱ የሚለካ ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቆቃ ነው። በአዋሽ ላይ የተሠራው ይህ ግድብ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ወጪው የተሸፈነው ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ጉልበቱ 43.2 ሜጋ ዋት ሲሆን ለዚያ ዘመን ታላቅ ነበር። የቆቃ ዕቅድ አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለው። ግድቡ የአዋሽን ጎርፍ ይዞ ዓመቱን ሙሉ በልክ ስለሚለቅ፣ ያው ውኃ ወደ ታች ሲወርድ አዋሽ ሁለተኛንና አዋሽ ሦስተኛን እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። እነርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 እና በ1971 ሥራ ጀመሩ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት 32 ሜጋ ዋት ነው። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ይህ ዛሬን ብቻ ያላየ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውንም ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ፣ ጊቤ ሦስተኛ እያሉ ጣቢያዎች ተከታተሉ። ቆቃ በ43 ሜጋ ዋት የተወደሰበት አገር በ2009 ዓ.ም. የ1,870 ሜጋ ዋቱን ጊቤ ሦስተኛ መረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብም ሕዝቡ ከደመወዙና ከመቀነቱ እየፈታ ገንዘብ አዋጥቶበት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ጉልበቱ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሥራ የሚያኮስስ ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም። ነገር ግን ሠርግ ካለፈ በኋላ ጎጆ አለ። ከበሮው ጸጥ ካለ በኋላ ሙሽሮቹ በምን ይኖራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ክፉ ሰው አይባልም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪዎች እርሳሳችሁን አንሡ። የአንድ ከተማ የኃይል ፍላጎት በየዓመቱ 10 በመቶ የሚያድግ ቢሆን፣ በሰባት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ14 ዓመት ደግሞ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የሕዳሴ ግድብ ከመሠረት ድንጋዩ እስከ ምረቃው የፈጀው 14 ዓመት ነው። እንግዲህ ዛሬ የጎደለንን አይቶ ዛሬ ግድብ የሚጀምር ሰው ሥራውን ሲጨርስ ፍላጎቱ ወደ አራት እጥፍ ተጠግቶ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው በኤሌክትሪክ ነገር የዛሬን ፍላጎት ማስላት ከንቱ የሚሆነው፤ የሚሰላው ገና ያልተወለደው ፍላጎት ነው።

ሰበታን ተመልከቱ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው በፋብሪካ ላይ ተደረደረ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም መነሻውን ሰበታ አደረገ። ቡራዩ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸውን ሠራተኛ ሁሉ እየተቀበለች ከአስኮ ጋር ተያያዘች። ሱሉልታ ደግሞ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበረች፤ ዛሬ የውኃ ማሸጊያና ሌላም ፋብሪካ ተተክሎባታል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገቡ። የወረዳ ከተማ ሳሉ ለአምፑልና ለወፍጮ ተብሎ የተዘረጋ መስመር ይህን ሁሉ እንዲሸከም መጠየቅ፣ በአህያ ጀርባ የጭነት መኪና ዕቃ መጫን ነው።

አሁንም ሒሳቡን ወደ እናቲቱ ቤት እናምጣው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ይወስዳል። የ200 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ያለበት ሰፈር በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው እንግዲህ ከ50 ምጣድ ብዙም አይበልጥም። በአዘቦት ቀን ሰው በየተራ ስለሚጋግር ይበቃል። በበዓል ዋዜማ ግን ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ይጥዳል። በዓላቱ የሚውሉበት ቀን ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ እንቁጣጣሽም፣ ገናም፣ ፋሲካም በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፈዋል። በየዋዜማው ፋብሪካዎች ሥራ ቀንሰው ለቤተሰብ ኃይል እንዲለቁ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ይህ ለአንድ ቀን ደግ መላ ነው። በየዓመቱ ሲደጋገም ግን ዕቅድ አለመኖሩን የሚያሳብቅ ምልክት ይሆናል። የበዓሉን ቀን የሚያውቅ ሰው የበዓሉን ጭነት ማወቅ አያቅተውም።

ሌላም ነገር አለ። ከኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ውኃ ርካሽና ንጹሕ ነው፤ ዝናብ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆነ በሰዓቱ ላይገባ ይችላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ ይሸጥ የነበረውም ለጊዜው ቆመ። ከዚያ በፊትም ፈረቃ አይተናል። በጥር 2002 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሁለተኛ በተመረቀ በጥቂት ቀን ውስጥ 26 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የውኃ ዋሻው በአንድ ቦታ ተደርምሶ 420 ሜጋ ዋት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተኝቶ ከርሟል። ስለዚህ ከአዳማና ከአሸጎዳ የተጀመረው የነፋስ ኃይል፣ ከስምጥ ሸለቆ እንፋሎትና ከፀሐይ የሚገኘውም ኃይል ጌጥ ተደርጎ መታየት የለበትም። አስተዋይ ገበሬ ማሳውን ሁሉ በአንድ ዘር አይሸፍንም፤ ጤፉ ቢከዳው ገብሱ ያወጣዋል። ነፋስ የሚበረታው በበጋ ሲሆን ውኃ የሚሞላው በክረምት ነው፤ ሁለቱ ቢደጋገፉ የግድቡ ውኃ ለክፉ ቀን ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። የአንድ ሰፈር መብራት የሚወሰነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ትልልቁን መስመር ያዘ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ማከፋፈሉንና ቆጣሪውን ያዘ። በእነዚህ ላይ የከተማው ማዘጋጃ ቤት መሬት ያድላል፤ የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ለፋብሪካ ፈቃድ ይሰጣል። አራት ጠረጴዛ ሆነ ማለት ነው። አራቱ በአንድ ካርታ ላይ ካልሠሩ ምን ይከተላል? አንዱ የፋብሪካ ፈቃድ በሚፈርምበት ሳምንት ሌላው የዚያን ሰፈር መስመር የሚያሳድግበትን በጀት ለሦስት ዓመት ያስተላልፋል። አንዱ ለማከፋፈያ ጣቢያ የታሰበውን ቦታ ሌላው ለመኖሪያ ቤት ይመራዋል። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ሲያስፈልግ ቤት ይፈርሳል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ሙግት ይነሣል፤ በሺህ ብር ያልቅ የነበረው በሚሊዮን ያልቃል። አበው «ቀድሞ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

መድኃኒቱ የተራቀቀ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ለሰበታም ለቡራዩም ለሱሉልታም አራቱ መሥሪያ ቤቶች የሚጋሩት አንድ የኃይል ካርታና አንድ የጭነት መዝገብ ይኑር፤ በየዓመቱም ይታረም። ሁለተኛ፣ ማናቸውም የፋብሪካም ሆነ የመኖሪያ መንደር ፈቃድ ሲሰጥ «ምን ያህል ኪሎ ዋት ይፈልጋል? ከየትኛው መስመር?» የሚል ጥያቄ በማመልከቻው ላይ ይታተም፤ መልስ የሌለው ማመልከቻ አይፈረም። ሦስተኛ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ለሚያስፈልጉት መስመሮችና ጣቢያዎች የሚሆን መሬት ገና ባዶ ሳለ ዛሬ ይከለል። አራተኛ፣ ለማመንጫ አንድ ብር ሲመደብ ከዚያ ጎን ለማስተላለፊያ፣ ለማከፋፈያና ለጥገና የሚሆነው ድርሻ አብሮ ይጻፍ። በሬ የገዛ ሰው ሞፈርና ቀንበር ካልገዛ በሬው ጌጥ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሊሸሽም አይገባውም። የኤሌክትሪክ ዋጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2018 ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ የት እንደደረሰ አንባቢ ያስታውሳል። ዋጋው ሲቆም ተጠቃሚው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ያልተከፈለው ገንዘብ ያልተቀየረ ምሰሶና ያልተገዛ ትራንስፎርመር ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ዋጋው በየደረጃው ሲጨመር ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያም ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ጭማሪ ተጀምሯል። ሕዝብ ጭማሪን የሚቀበለው ጭማሪው ወደ ሰፈሩ ምሰሶ ሲደርስ ሲያይ ነው። ጥቂት አምፑል ብቻ የምታበራ ድሀ እናት ከብዙ ሞተር ባለቤት ጋር እኩል እንዳትሸከም መጠንቀቅም የዕቅድ አውጪው የኅሊና ግዴታ ነው።

ሌላው ደግሞ «ገና መብራት ያላየ ስንት ሚሊዮን የገጠር ሕዝብ እያለ፣ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ታለቅሳለህን?» ይለኛል። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሴ ይህ ነው። የሰበታ ፋብሪካ በመቆራረጥ ምክንያት በናፍጣ ጀኔሬተር ሲሠራ ናፍጣው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ያ ምንዛሪ ለገጠር ሽቦና ትራንስፎርመር ሊሆን ይችል ነበር። ፋብሪካው ሲያቆም ደግሞ በመጀመሪያ ቤቱ የሚላከው የቀን ሠራተኛ ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ወጣት ነው። የሱሉልታና የቡራዩ ቤተሰብ ምጣዱን አጥፍቶ ወደ እንጨት ሲመለስ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት በጀርባቸው የሚሸከሙት እናቶች ሸክም ይጨምራል፤ የተራራው አፈር ይታጠባል፤ የታጠበው አፈርም ወደ ወንዝ ወርዶ ግድብ ይሞላል። የአባ ሳሙኤል ታሪክ እንዲህ ተያይዞ የሚመጣ ነው። በአንድ ቦታ የተበጠሰ ሽቦ ጉዳቱ በዚያ ቦታ አያበቃም።

እናንተ በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶችና ከትምህርት ወጥታችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ታላላቆቹን ግድቦች የሚመርቁት ታላላቆች ናቸው። የትራንስፎርመሩን መጠን የሚጽፈው፣ የመስመሩን ስፋት በካርታ ላይ የሚያሰምረው፣ የጥገናውን በጀት «ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» ብሎ የሚፈርመው ግን ብዙውን ጊዜ ወጣት ሠራተኛ ነው። ያች ፊርማ በአንድ ደቂቃ ትፈረማለች፤ የምታስረው ግን የ30 እና የ40 ዓመት ኑሮ ነው። ቆቃን ያቀዱት ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ውኃው ገና ተርባይን እንደሚያዞር በዓይናቸው ለማየት አልታደሉም ይሆናል፤ ሒሳባቸው ግን እነርሱን ተክቶ ቆሟል። የእናንተም ሒሳብ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ይመረመራል።

ስለዚህ ፋይል ሲቀርብላችሁ የግድቡን ሜጋ ዋት ብቻ አትጠይቁ። «የመጨረሻው ምሰሶ የት ነው? ስንት ቤት ይሸከማል? ከሰባት ዓመት በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ያስቸግራል፤ አለቃን ሊያስቆጣም ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ሰው ሁልጊዜ ነገረኛ ይመስላል፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን ሁሉም እርሱን ይፈልገዋል።

የዚያን ቀን ከእናቲቱ ቤት ስወጣ መሽቶ ነበር። ምድጃው ይጨሳል፤ ልጃቸው በሻማ የቤት ሥራውን ይሠራል። ከጣራው በላይ ራቅ ብሎ ትልቁ መስመር በነፋስ ያፏጫል። እኒህ እናትም ለሕዳሴው ግድብ ከእንጀራ ሽያጫቸው ያዋጡበትን ደረሰኝ ከመሶብ ሥር አውጥተው አሳይተውኝ ነበር። ደረሰኙን መልሰው ሲያጥፉት በጥንቃቄ ነው፤ የተቀበለ ሰው አንድ ቀን እንደሚከፍል ያምናሉ።